ጥቁሩ ሽቦ የተቀመጠበት

ባለፈው እሑድ ኮተቤ ቤታችን ሳሎን ውስጥ ልጄ ማርታ ለኮሌጅ ከቡድኗ ጋር የሠራችውን የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ በቴስተር ትለካ ነበር። የቴስተሩን ቀይ ሽቦ እዚህም እዚያም ታስነካለች፤ ቁጥሩ ግን ከዜሮ አልነቃነቅ አለ።

«አባዬ፣ ሞቷል። ሄለን መበየድ አትችልም፤ ለቡድናችን ጽፌላቸዋለሁ» አለችኝ።

ሄለን አብራት የምትማር ጓደኛዋ ናት፤ ሰርኪዩቱን የበየደችው እሷ ነበረች። እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው ጥቁሩ ሽቦ ላይ ነበር። ቀለም በተቀባ የቆርቆሮ ሣጥን ላይ ተቀምጧል። መነጽሬን አወለቅሁ።

አንድ የድሮ ጥፋቴ ትዝ አለኝ፤ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ሾላ ገበያ አጠገብ ባለች ሬዲዮ መጠገኛ ከገመቹ ጋር እሠራ ነበር። ገመቹ የኮተቤ ገበሬ ልጅ ነው፤ የትራንስፎርመር ሽቦ በእጁ ይጠመጥማል፤ ስሙም እንጀራውም ያ ነበር። እኔ ሽፋኑ ከወለቀ መጽሐፍ ብቻዬን የተማርኩ ነኝ፤ በዚህም እኮራ ነበር። ብቻውን የተማረ ሰው የጎደለውን የሚነግረው እንደሌለ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ እንጦጦ ላይ ላለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ገመቹ የድምፅ ማጉያውን ትራንስፎርመር እንደ አዲስ ጠምጥሞ ሰጠ። በሳምንቱ ማጉያው ጸጥ አለ። ለማየት የተላክሁት እኔ ነኝ። ካህናቱና ወጣቶቹ ከበውኝ ለካሁ፤ የመለኪያዬ መርፌ ንቅንቅ አላለም።

«ገመቹ ጠመጠምኩ ያለው ይሄን ነው?» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማኝ።

ወሬው ቀድሞኝ ሾላ ወረደ። ስደርስ አለቃችን ገመቹን ከጥምጠማ አግዶት ነበር።

ገመቹ አልጮኸም። በማግስቱ «ና፣ እንጦጦ አብረን እንውጣ» አለኝ። በባህር ዛፉ መሃል ጭቃውን እየረገጥን ወጣን። ከኪሱ የገብስ ቆሎ እየዘገነ ሰጠኝ፤ ባይሰጠኝ ይሻለኝ ነበር።

«አንተ መሐንዲስ፣ ጥቁሩን የት ነበር ያስነካኸው?» አለኝ ማጉያው ፊት ቆመን።

«ሣጥኑ ላይ።»

«ቀለሙ ላይ?»

ቀለም ኤሌክትሪክ እንደማያሳልፍ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ።

«ይሄ እንጦጦ ምን ያህል ከፍ ይላል?»

«ከየት?» አልኩት ሳላስበው።

ሳቀ። «አየህ! ከሾላ ከለካኸው ተራራ ነው፤ ከቆምንበት ከለካኸው ምንም። ቮልትም የሁለት ቦታ ልዩነት ነው። መነሻህ ጥቁሩ ሽቦ ነው፤ እሱን ሳታስይዝ ምኑን ለካኸው?»

ቀለሙን በቢላዋ ፋቀና ጥቁሩን ከባዶው ብረት ጋር አስነካ። መርፌው ተነሣ። ትራንስፎርመሩ ደህና ነበር፤ የተበጠሰው ውጭ ባህር ዛፉ ላይ ወደ ስፒከሩ የተዘረጋው ሽቦ ነው።

ያን ቀን ግቢው ውስጥ የነበሩት መሪጌታው ብቻ ናቸው። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። ለአለቃዬም ነገርኩት፤ ገመቹ ወደ ሥራው ተመለሰ። ነገር ግን ስከሰው የሰሙኝ ብዙ ነበሩ፤ ጥፋቴን ሳምን የሰሙኝ ሁለት። ከዚያም በኋላ ሾላ ውስጥ «የገመቹ ጥምጠማ አይበረክትም» ሲባል እየሰማሁ ዝም ብዬ ያለፍኩበት ጊዜ አለ። እሱ አንድም ቀን አላነሣብኝም።

ይህን ሁሉ ለማርታ ነገርኳት፤ ዝም ያልኩበትንም ጭምር። ጥቁሩን ሽቦ አንሥታ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር አገናኘችው። ቁጥሩ ዘጠኝ ቮልት ላይ ቆመ።

«ለሄለን ደውዬ ይቅርታ እላታለሁ» አለች ቀስ ብላ።

«የከሰስሻት በቡድኑ ፊት ነው» አልኳት።

አልወደደችውም። ስልኳን ግን አነሣች። ከዚያ ጽፋ ላከችና አሳየችኝ፦ «የሄለን ብየዳ ደህና ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ልጆቼን ማሞገስ አልለመድኩም፤ ያን ቀንም አላሞገስኳትም። መነጽሬን አድርጌ መልእክቱን ደግሜ አነበብኩት። እኔ ሾላ መሃል ቆሜ መናገር ያቃተኝ ይህንኑ ነበር።