ጣሊያናዊው የኔታ እና የቡሬው ሙሽራ

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ከሰንበቴ ስመለስ ከዋናው መንገድ ዳር ወዳለች ሻይ ቤት ጎራ አልኩ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ዛሬ ኳስ የማያሳይ ሻይ ቤት የለም ማለት ይቻላል፤ እኔም ሻዩን ሰበብ አድርጌ ኳሱን ነው የማየው። የጣሊያን ቡድኖች ይጫወቱ ነበር። ጨዋታው ቀዝቀዝ ሲል ካሜራው ወደ ክብር እንግዶች መቀመጫ ዞረና አንድ ጠጉሩ የነጣ፣ እጁን ደረቱ ላይ ያጣመረ ሽማግሌ አሳየ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ፣ ከነጋቢዬ፣ ሻዬን ጉልበቴ ላይ ደፍቼ ከወንበሬ ብድግ አልኩ።

«ምነው ጋሼ፣ ምን አገኘዎት? ጎል እኮ አልገባም» አለኝ አጠገቤ የተቀመጠ የባጃጅ ሹፌር።

«የኔታ ናቸው» አልኩት ጣቴን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀስሬ።

ልጁ ቴሌቪዥኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ወንበሩን ትንሽ ከእኔ ራቅ አደረገ። አልፈርድበትም።

የኔታን ያወቅኋቸው ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በከተማችን ቴሌቪዥን ያለበት ቤት በጣት የሚቆጠር ስለነበር እሑድ እሑድ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሆቴል እንሰበሰባለን። ወንበር ለሚያዝዝ ሰው ነው፤ እኛ ግድግዳ ተደግፈን ከላህ ወንዝ ዳር የሚመጣ ሸንኮራ እየመጠጥን እናያለን። ባለቤቱ ገለባውን መሬት ላይ የጣለ ሁሉ ሁለተኛ እዚህ ቤት አይገባም ብሎ ይምላል፤ በሳምንቱ ያው እኛው ነን፣ መሐላውም ያው ነው። ጓደኞቼ በሙሉ የሚያብዱት ለአጥቂ ነበር። እኔ የማብደው ለአንድ ተከላካይ ነው። ስሙ ለአፋችን አልመች ስላለ አንድ ቀልደኛ «የኔታ» ብሎ አወጣለትና በዚያው ጸና። የኔታ ከተባለ በኋላ ደግሞ «አንተ» ማለት ነውር ሆነብን፤ የከተማው ወጣት ሁሉ ጣሊያናዊውን በአንቱታ ይጠራ ጀመር።

የኔታ በልጅነታቸው አጥቂ ነበሩ አሉ። ይህን የነገረን በሬዲዮ ስፖርት የሚያወራው ጋዜጠኛ ነው። አሰልጣኛቸው ወደ ኋላ መስመር ሲመልሳቸው አልቅሰዋል። ትልቅ ቡድን የገቡ ጊዜ በግራ መስመር ሲሮጡ የሚደርስባቸው አልነበረም፤ ከዚያ የጉልበታቸው ጅማት ተበጠሰ፣ ዳነ፣ እንደገና ተበጠሰ። ሐኪሞቹ በቃዎት አሏቸው። እሳቸው ግን ሩጫውን ትተው ወደ መሃል ገቡና ተከላካይነትን ከሀሁ ጀምረው ተማሩት። እኛ የደረስንባቸው በዚህ ጊዜ ነው። አጥቂ ሲመጣባቸው አይወረወሩም፣ አይጋጩም። ወደ ኋላ ወደ ኋላ ይላሉ፣ ጎናቸውን ይሰጡታል፣ ዓይናቸውን ኳሱ ላይ ተክለው ይጠብቃሉ። ተማሪው ንባቡን እስኪስት ድረስ ዝም ብለው እንደሚያዳምጡ መምህር ነበሩ። ሲስት ኳሱን ቀስ ብለው ያነሱለታል። ዝናብ በዘነበበት ቀን እንኳ ቁምጣቸው እንደነጣ ይወጡ ነበር።

አባቴ ቤት ውስጥ ስማቸው በተነሳ ቁጥር ይገረም ነበር። «ለመሆኑ እንዲህ የምታወድሰው ሰውዬ የየት አገር ሰው ነው?» አለኝ አንድ ቀን።

«ጣሊያናዊ ናቸው፤ ተከላካይ ናቸው።»

«ጣሊያን? ጣሊያን ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ተከላካይ የሆነ? እኛ የምናውቀው ሲመጣብን ነው» ብሎ ወደ ከብቶቹ ሄደ።

እኔ ራሴ የፍኖተ ሰላም ቡድን የመሃል ተከላካይ ነበርኩ። አጨዋወቴ ግን ከየኔታ ጋር አይገናኝም። ቅጽል ስሜ «ምሳር» ነበር፤ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የጅጋ ቡድን አጥቂ ከእኔ ጋር ተጋጭቶ ቁርጭምጭሚቱ ወልቆ ወጌሻ ነው የመለሰለት። ሰዉ ሲያየኝ ያጨበጭብልኛል፣ እናቴ ግን ጨዋታ ባለበት ቀን የሰው ልጅ እንዳልገድል ስትለምን ትውላለች።

በዚያ ዓመት እህቴ ይታይሽ ታጨች። እጮኛዋ ምንይችል ይባላል፤ የቡሬ ልጅ ነው፣ በርበሬ ነጋዴ፣ ቁመናው ያማረ፣ ንግግሩ የታረመ። ሽማግሌዎቹ መጥተው፣ ተቀምጠው፣ ተነስተው፣ እንደገና ተቀምጠው ነገሩ አለቀ። ሰርጉ ለጥር መጨረሻ ተቆረጠ። ቤታችን ደስታ በደስታ ሆነ። አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ምንይችል የቡሬ ቡድን አጥቂ ነው፣ ያውም በዞኑ ውስጥ የሚፈራ አጥቂ። የዚያ ዓመት የዞኑ ዋንጫ የመጨረሻ ጨዋታ ደግሞ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ፣ ቡሬ ላይ፣ በእኛና በእነሱ መካከል ሆነ። እኛ በነጥብ ስለምንበልጥ አቻ ከወጣን ዋንጫው የእኛ ነው።

በእኛ አገር አማች ይፈራል። ሲመጣ ከመቀመጫ ይነሱለታል፤ ጠባብ መንገድ ላይ ሲያገኙት ትከሻው እንኳ እንዳይነካ ዳር ይዘው ያሳልፉታል። አሁን እኔ ይህን ሰው ሙሉ ጨዋታ ልይዘው ነው። ከነካሁት ሙሽራ ሲያነክስ ወደ ቤታችን ይመጣል፣ ምናልባትም አይመጣም። ካልነካሁት ደግሞ ከተማው ለአማቹ ብሎ ሸጠን ይላል። ልቅር ብል ያው ነው፤ የቀረው ለአማቹ ብሎ ነው ይሉኛል። አሰልጣኛችን መምህር ታረቀኝም በእኔ ቦታ የሚያሰልፈው ሌላ ሰው አልነበረውም።

እናቴ ጉልበቴን ይዛ ነው የለመነችኝ። «ልጄ፣ ኳሱ ነገም አለ። አማቻችን ግን አንድ እግሩ ቢጎድል ከየት አመጣለታለሁ?»

ይታይሽን ለብቻዋ አግኝቼ አማከርኳት።

«እግሩን እንዳትነካብኝ» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ደግሞ ሰው እንዲስቅብህም አልፈልግም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እኔ ኳስ ተጫዋች ነኝ እንዴ?»

ያን ጊዜ ነው የኔታ ትዝ ያሉኝ። ሳይነካ የሚያስቆም ሰው ከእሳቸው ሌላ አላውቅም። ሳምንቱን በሙሉ መምህር ታረቀኝ አጥቂዎቹን አንድ በአንድ ይለቅብኝ ነበር፤ እኔም ጎኔን ሰጥቼ ልጠብቅ እሞክራለሁ። እግሬ ግን አልሰማ አለ። መጠበቅ ከመጋጨት እንደሚከብድ ያወቅሁት ያኔ ነው። ኳሷ ፊቴ ስትመጣ ምሳሩ በራሱ ጊዜ ይነሳል፤ የገዛ ጓደኞቼን ሁለቱን አሳከምኩ።

እሑድ ጠዋት በጭነት መኪና ተሳፍረን ወጣን። ጥር ነውና በመንገዱ ግራና ቀኝ አውድማው ሁሉ ጤፍ ይወቃበታል፣ ገለባው ከአቧራው ጋር ይነሳል። ማንኩሳ ከተማ ላይ ድፎ ዳቦ የያዙ ሴቶች በጥምቀት ልብሳቸው እንደደመቁ መንገድ ሲሻገሩ አየንና ጮኸን ሰላምታ ሰጠናቸው። ቡሬ መድረሳችንን የነገረን አፍንጫችን ነው፤ በየደጁ የተሰጣው በርበሬ ገና ከሩቅ ያስነጥሳል። ልጆቹ ይዘፍናሉ። እኔ የማስበው ስለ አማቼ እግር ብቻ ነው።

ሜዳው ዙሪያውን በሰው ታጥሯል፤ ባሕር ዛፉ ላይ ሳይቀር ሰው ተንጠልጥሏል። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ምንይችል ወደ እኔ መጣና ተጨባበጥን። እኔ በሁለት እጄ ጨብጬ ዝቅ አልኩ። የእኛ ሰዎች ከዳር ሲያጉረመርሙ ሰማኋቸው።

ብዙም ሳይቆይ ኳስ ከመሃል ተሰነጠቀችና ምንይችል ይዟት ፊት ለፊት መጣብኝ። ከእኔ ወዲያ ያለው በረኛው ብቻ ነው። የኔታን አሰብኩ፣ ጎኔን ሰጠሁ፣ ልጠብቅ ተዘጋጀሁ። ከዚያ ምን እንደሆነ ዛሬም ድረስ ይገርመኛል። ሰውነቴ ያደገበትን አደረገ። ዳር ያዝኩ። አንገቴንም ትንሽ ደፋ አደረግሁ መሰለኝ። አማቼ እየሮጠ በአጠገቤ አለፈ፣ ኳሷም መረቡን አንቀጠቀጠችው።

 ግማሹ ሜዳ ሳቀ፣ ግማሹ ጮኸ። «አሳልፎ ሰጠን! የሰርግ ስጦታ ነው የሰጠው!» የሚል ድምፅ ከእኛ በኩል ሰማሁ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

በእረፍት ሰዓት ሎሚ እየመጠጥን ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጠናል፤ እኔ አጠገብ የተቀመጠ ሰው የለም። ምንይችል ሜዳውን አቋርጦ ወደ እኛ ሲመጣ ልጆቹ ተያዩ። ፊቱ ጠቁሯል።

«ይበልጣል፣ ምን በድየህ ነው?» አለኝ በስሜ ጠርቶ።

«ኧረ ምን በደሉኝ ጋሼ?»

«አገር በተሰበሰበበት አሳፈርኸኝ። እኔ በዚህ ሜዳ በምጽዋት ጎል አግብቼ አላውቅም። ነገ በርበሬ ተራ ስቀመጥ ሰው ምን ይለኛል? አማቹ መጸወተው!»

«ለክብርዎ ብዬ እኮ ነው።»

«ክብሬን ከወደድህ ከፊቴ ቁም። ካለፍሁህም በእግሬ ልለፍህ።» ብሎ ዞሮ ሄደ።

መምህር ታረቀኝ የሎሚውን ልጣጭ ጥሎ አየኝ። «ሰምተሃል» አለ። ሌላ ምክር አልሰጠኝም።

ከእረፍት መልስ እኔ ሌላ ሰው ሆንኩ ብል ማጋነን አይሆንም። ፍርሃቱ ወጣልኝ። ምንይችል ሲመጣ ወደ ኋላ እላለሁ፣ ወደ ጥግ እገፋዋለሁ፣ መሃሉን እዘጋበታለሁ፤ ኳሷን ወደ ኋላ ለጓደኛው መልሶ ይሄዳል። ደግሞ ይመጣል፣ ደግሞ ይመለሳል። ልብሱን እንኳ አልነካሁትም። ከዳር የነበረው ስድብ እየቀነሰ ሄደ። ከዚያ የማዕዘን ምት አገኘንና የእኛው ረጅም ልጅ በግንባሩ ገጭቶ አገባት። አንድ ለአንድ! የእኛ ሰው ኮቱን ወደ ሰማይ ወረወረ።

ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ያቺ ኳስ መጣች። ልጆቻችን አቻ እንደሚበቃን ረስተው ለማጥቃት ወጥተው ነበርና ምንይችል ከመሃል ሜዳ ጀምሮ ብቻውን ይዟት ገሰገሰ፤ ከፊቱ ያለሁት እኔ ነኝ። ሜዳው በሙሉ ቆመ።  ምሳሩ በውስጤ በለው ይለኛል፤ አስተዳደጌ ደግሞ አሳልፈው ይለኛል። ሁለቱንም አልሰማሁም። ወደ ኋላ ወደ ኋላ አልኩ። በትከሻው ወደ ግራ አታለለኝ፣ አልሄድኩለትም። ወደ ቀኝ አታለለኝ፣ አልሄድኩለትም። ጠበቅሁ፣ አሁንም ጠበቅሁ። ቸኮለና ኳሷን ከእግሩ ትንሽ አራቃት፤ እግሬን ዘርግቼ አነሳኋት። እሱ ባዶውን አልፎኝ ሄደ። እኔ ኳስ ይዤ ቀረሁ፤ ምን እንደማደርጋት ስለጠፋኝ ወደ ባሕር ዛፉ ጠለዝኳት። ፊሽካው ተነፋ።

በዚያ ቀን የነበረውን ደስታ በቃል አልችለውም። በትከሻ ተሸክመውኝ ዞሩ፤ የሰደቡኝ ሰዎች ናቸው የተሸከሙኝ። ከላይ ሆኜ ምንይችልን በዓይኔ ፈለግሁት። ማንንም ሳይጨብጥ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ ከሜዳው ሲወጣ ጀርባውን ብቻ አየሁ። ዋንጫውን በገዛ አገሩ የነጠቅሁት እኔ ነኝ። ደስታዬ እዚያው ላይ ተሰነጠቀ።

እስከ ሰርጉ ድረስ ከቡሬ መልእክት አልመጣም። ገበያው ብዙ አወራ፤ ተቀይሟል፣ ሰርጉን ሊያፈርስ ነው፣ የቡሬ ሰው ቂመኛ ነው። እናቴ ጠላውን እየጠመቀች ታለቅሳለች። ይታይሽ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም፤ እሱ ነው የባሰብኝ።

የሰርጉ ቀን ደረሰ። ከሩቅ የመኪና ጡሩምባ ሲሰማ እናቴ እዚያው ቁጭ አለች። መጥተዋል! እንደ ደንቡ የሙሽራዋ ወገን በሩን ይዞ አናስገባም እያለ መዝፈን ጀመረ። ጓደኞቼ ከኋላ ገፍተው መሃል በሩ ላይ አቆሙኝ። «ተከላካያችን ይቁም!» ይላሉ። ፈዝዤ ቆምኩ። ምንይችል በጥቁር ሱፍ፣ ሚዜዎቹን አስከትሎ መጣና ፊት ለፊቴ ቆመ። አልሳቀም። ዘፈኑ እየቀዘቀዘ፣ እየቀዘቀዘ ሄዶ ቆመ።

አየኝ። ከዚያ በትከሻው ወደ ግራ አታለለኝ።

አልሄድኩለትም። ወደ ቀኝ አታለለኝ፤ እሱንም አልሄድኩለትም። መጀመሪያ የሳቀችው አንዲት አሮጊት ናት፤ ቀጥሎ ቤቱ በሙሉ በሳቅና በእልልታ ተናወጠ። ምንይችል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ «ወንድሜ፣ ዛሬስ አሳልፈኝ» አለኝ።

ዳር ያዝኩለት። አንገቴንም ደፋሁ፤ የደፋሁት ለአማች ክብር ብቻ አልነበረም፣ እንባዬ እየወረደ ስለነበር ነው። ከኋላዬ እህቴ ነበረች።

የባጃጁ ሹፌር ይህን ሁሉ እስክጨርስ አዳመጠኝ፤ ወንበሩንም ሳላውቀው መልሶ አስጠግቷል። «ታዲያ አሁንስ እንዴት ናችሁ?» አለኝ። ምን ልበለው? ምንይችል ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል። በዓል በመጣ ቁጥር ያቺን ኳስ ጠጠር አደናቅፎኝ ነው እንጂ አልወሰድክብኝም ይለኛል፤ እህቴ ጎን ለጎን ተቀምጣ ሁለታችንንም ትታዘበናለች። በዕድሜዬ መንገድ የለቀቅሁለት ሰው ብዙ ነው፤ ሁሉም አመስግኖ አልፏል። ለምን ለቀቅህልኝ ብሎ የተቆጣኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እህቴ የደረሰችው ለእሱ በመሆኑ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።