ሆዱን የቀደዱት ጅብ

የዚያን ቀን ጠዋት ሙሉኺያ እየቀነጠስኩ ነበር። ቅጠሉን ከግንዱ መለየት ነው ሥራው፣ ብዙ ነው፣ አያልቅም። የማዳሜ ባል እናት ከገጠራቸው ሲመጡ ሌላ ወጥ አይበሉም። አንቱ እላቸዋለሁ፣ ለእድሜያቸው ነው እንጂ ለሥራቸውስ አይደለም። እንዳልኩሽ ጻፊው፣ አታለስልሺው።

ቤቱ ዓረብ አገር ነው፣ ኻልዴ የሚሉት ሰፈር፣ አውሮፕላኑ ራስሽ ላይ የሚያርፍ የሚመስልበት። የገባሁት የነሱ ጦርነት በቆመ ሰሞን ነው። ያኔ ዓረብኛ የሚባል አላውቅም። ማዳም ከሳሎን «ጂቢ» ትላለች። ደሜ ይፈላል። እናትሽን ያህል ልጅ ያሳደግኩ፣ አምስት ወቅት የምሰግድ ሴት ጅብ ልባል? ዝም ብዬ እቆማለሁ፣ እሷ ደሞ «ጂቢ፣ ጂቢ» እያለች ትጮኻለች። ጅብስ አንቺ፣ እላለሁ በሆዴ። ከማዶ ፎቅ የምትሠራ የጎጃም ልጅ ነበረች፣ በረንዳችን ፊት ለፊት ነው። ነገርኳት። በሳቅ ሞተች። «እትዬ፣ ጂቢ እኮ በነሱ አምጪ ማለት ነው። ለወንድ ከሆነ ጂብ» አለችኝ።

የማዳሜን ትንሽ ልጅ ከአራስነቷ ጀምሮ እኔ ነኝ ያሳደግኳት። አራት ዓመት ሲሆናት መብራት በጠፋ ቁጥር ትጮኽ ጀመር። እዚያ አገር መብራት ይሄዳል፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድቅድቅ ነው። የተገዛ ድብ አላት፣ ጥንቸል አላት። «እነሱም ይፈራሉ» አለችኝ። ልክ ናት፣ ጥንቸል ምን ታስጥላለች። በይ ጨለማ የማይፈራ ልሥራልሽ ብዬ የአባቷን ያረጀ ሹራብ ተረተርኩና በሁለት መርፌ ጅብ ሠራሁላት። ጅብ ቀላል እንዳይመስልሽ። የፊት እግሩ ረዘም፣ የኋላው አጠር ካላለ ውሻ ይሆንብሻል። ሆዱን በተጣለ ጨርቅ ሞላሁት።

ለጎጃሟ ልጅ በበረንዳ አሳየኋት። «ጅብ በማያውቁት አገር ቁርበት አንጥፉልኝ አለ። ለዚህስ ፍራሽ ሊነጠፍለት ነው» አለች።

ልጅቷ ስሙን በአማርኛ ነው የያዘችው፣ ጅብ። ከዚያ ወዲያ መብራት ሲጠፋ ጅቧን አቅፋ ዝም ነው። ቀን ደሞ በእጇ አንጠልጥላ እኔን ትከተላለች፣ ከኩሽና በረንዳ፣ ከበረንዳ ኩሽና።

እና ያን ጠዋት ከአያቷ ጋር አድራ ነቃች። «ጅብ» አለች። አሮጊቷ ውሃ አመጡ። «ላ፣ ጅብ።» ወተት አመጡ። ዳቦ አመጡ። «ጅብ፣ ጅብ» እያለች ታለቅሳለች። «ምኑን ላምጣ የኔ ነፍስ?» ይላሉ። እኔ ኩሽና ሆኜ እሰማለሁ፣ ሳቄ መጥቶ ነበር፣ አልዋሽም። እጄን ጠርጌ ሄድኩና ከአልጋው ሥር አውጥቼ ሰጠኋት። ዝም አለች።

«ሹ ሃይዳ? ምንድነው ይሄ?» አሉኝ አሮጊቷ።

«ዳብዕ ነው ሐጃ» አልኩ። ጅብን እንዲያ ነው የሚሉት።

ፊታቸው ተለወጠ። ለካ በነሱም አገር ጅብ ይወራበታል። የሰውን አእምሮ ይወስዳል፣ ሰውየው አባቴ አባቴ እያለ ዋሻው ድረስ ይከተለዋል ይላሉ። ምራታቸውን ጠሩ። «ልጅሽ አንቺን ትታ ይቺን የምትከተለው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ» አሉ። «ሲህር ነው። ሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር አለ።»

ሲህር አሉኝ። ድግምት። እኔን፣ ከሳቸው ጋር ወደ አንድ ቂብላ ዞሬ የምሰግደውን። እዚያ አገር ደሞ ድግምተኛ ከተባልሽ አለቀልሽ። ወዳመጣሽ ደላላ ቢሮ ይመልሱሻል፣ ወሬው ቀድሞሽ ይደርሳል፣ ሌላ ቤት አይቀጥርሽም። ያሳደግሻትንም ልጅ ዳግም አታያትም።

ማዳሜ፣ ያው፣ ትከራከርልኛለች ብዬ ነበር። ልጇን እኔ ላይ ጥላ ስትወጣ ስትገባ የኖረች ሴት ናት። ጅቡን ይዛ ኩሽና ገባች፣ የዶሮ መቁረጫውን መቀስ አነሳች። ጅቡን ከሙሉኺያዬ ላይ አጋድማ ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ቀደደችው። ልጅቷ እያየች። ሰው ልጅ ፊት እንዲህ ያደርጋል?

አሮጊቷ እጃቸውን ከትተው ዘረገፉት። አንድ ባንድ አሸተቱት። የወጣው ካልሲ ነው። የማዳሜ የራሷ ካልሲ፣ ተረከዙ የተበሳው፣ ጣዪው ብላ የሰጠችኝ።

«ሐጃ፣ ምን አገኙ?» አልኩ። ልጅቷ መሬት ላይ እየተንከባለለች ትጮኻለች። ታች የትምህርት ቤቱ አውቶብስ ጡሩምባውን ይነፋል።

«መዓሌሽ፣ ኸላስ» አለች ማዳሜ፣ ምንም አይደል እንደማለት። «ያላ፣ መርፌ ጂቢና ስፊው።»

«አላመጣም» አልኩ።

«ምን?»

«አልሰፋም። መጀመሪያ ሲህር የለም በይ።»

«እሺ፣ የለም። አውቶብሱ ይሄዳል።»

«ለኔማ ምን ትነግሪኛለሽ፣ እኔ አውቀዋለሁ። ለሐጃ ንገሪያቸው፣ ልጅቷም ትስማ።»

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እዚህ ጋ ነው። ሰው እንዲህ ያለች ቃል ለመናገር ያን ያህል ይጨነቃል? መስኮቱን አየች፣ ሰዓቷን አየች፣ አማቷን አየች። አውቶብሱ ደግሞ ሲነፋ «ማ ፊ ሲህር» አለቻቸው፣ ሲህር የለም፣ እንደ ታመመ ሰው በቀጭን ድምፅ። አሮጊቷ ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ ወደ ግድግዳ ዞሩ። ይቅርታ የሚባል ካፋቸው አልወጣም። ከሷም አልወጣም። እንግዳ ሲመጣ መርሲ ፓርዶን፣ አመሰግናለሁ ይቅርታ፣ የሚያዘንብ አፍ ነው እኮ።

ሰፋሁት። ቡናማ ክር ነበረኝ፣ ብፈልግ ስፌቱ እንዳይታይ አድርጌ እሰፋው ነበር። ሆን ብዬ በቀይ ሰፋሁት፣ ከአንገት እስከ ጅራት። ይታይ። ልጅቷ ጅቧን አቅፋ ወረደች።

የተረፈኝን ሙሉኺያ ይዤ በረንዳ ወጣሁ። የጎጃሟ ልጅ ምንጣፍ እያራገፈች ነበር። ጩኸቱን ሰምታለች። ሁሉንም ነገርኳት። ምንጣፉን የበረንዳው ብረት ላይ ጣል አደረገችው።

«እትዬ» አለችኝ፣ «ባገራችን ሆድ የሚዘረግፈው ጅቡ ነበር። እዚህ ግን ጅቡም ሰው ሲመጣ በሩን ይዝጋ።»