ሁለቴ የጠቀሰው መብራት

ልጅ ሳለሁ ተረት ለመስማት በመኪና ይኬድ ነበር። እናቴ ኤጅድ ኬር በሚሉት የአረጋውያን መጦሪያ የከሰዓቱን ሺፍት ስለምትሠራ፣ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ዮናስን ከትምህርት ቤት የሚቀበሉን በሰው አገር በምንኖርበት ሰፈር፣ ሆፐርስ ክሮሲንግ፣ ጎረቤታችን የነበሩት ጋሼ ተሰማ ናቸው። በብርዱ ወራት ቶሎ ስለሚመሽ፣ ገና ከእራት በፊት አሮጌ ቶዮታቸው ላይ አሳፍረውን ወደ ዊልያምስታውን ባሕር ዳር ይወስዱናል። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች «ልጆቹን ብርድ ታስመታለህ፣ አንተ ሰውዬ!» እያሉ ጃኬት በጃኬት ላይ ይደርቡብናል።

እዚያ እንደደረስን ጋሼ ትንሿን የከሰል ምድጃ ያወርዱና በቆሎ ይጠብሱልናል። ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለ፣ ፍሙ ጉልበታችንን እያሞቀ፣ ጀርባችን ግን በነፋሱ እየተንቀጠቀጠ፣ ፊታችንን ወደ ባሕሩ አዙረን እንቀመጣለን። ያኔ ለመርከቦች የወደቡን መንገድ የሚያሳዩት መብራቶች አንድ በአንድ መታየት ይጀምራሉ።

ጋሼ በወጣትነታቸው ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ነበሩ። ሥራቸውም ውኃ ላይ የሚንሳፈፉትን ምልክቶችና የባሕር መብራቶቹን በጀልባ እየዞሩ መጠገን ነበር። ታዲያ ተረታቸው ውስጥ አንበሳም ጦጣም የለም፤ ባለታሪኮቹ በሙሉ መብራቶች ናቸው። «ወደብ ስትገቢ ቀዩ በግራሽ፣ አረንጓዴው በቀኝሽ። ምጽዋም እንዲሁ ነው፣ እዚህም እንዲሁ ነው» ይሉኝ ነበር። ቀዩ ነገረኛ ነው፤ አረንጓዴው አማቱን የሚፈራ ሙሽራ። ከሁሉም ራቅ ብሎ ለብቻው የቆመው ነጩ ደግሞ ሽማግሌው ነው። ልጁ መርከብ ተሳፍሮ ሄዶበት፣ ሲመለስ መንገድ እንዳይስት ብሎ አንዴ ዓይኑን ይጠቅስና፣ ረጅም ትንፋሽ ወስዶ እንደገና ይጠቅሳል። ጋሼ በመጣን ቁጥር የዚህን ልጅ አዲስ ወሬ ያመጣሉ። አንዱን ቀን ሲንጋፖር ላይ ታሞ ተኝቷል፤ ሌላ ቀን ዓሣ ነባሪ መርከቡን አላሳልፍም ብሎታል። ዮናስ በእንግሊዝኛ መቼ ነው የሚመጣው እያለ ይነተርካቸዋል። እሳቸውም «ምን አስቸኮለህ? በቆሎህን ብላ!» ይሉታል።

አንድ ምሽት ግን ልጁን ከማዕበል ሊያወጡት ሲሉ ድንገት ተረቱን አቋረጡ። ሽማግሌው ብልጭ አለ፤ ትንፋሽ ሳይወስድ ወዲያው ደገመው። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጠረጉና መልሰው አደረጉ። መብራቱ አሁንም ሁለቴ ብልጭ አለ። «በቃ፣ ተነሡ እንሂድ» አሉ። በቆሎው ገና አልበሰለም ነበር። ፍሙ ላይ ውኃ አፈሰሱና መንገዱን በሙሉ ቀስ ብለው ነዱ። እኔና ዮናስ ግን ከኋላ በደስታ ልንፈነዳ ነበር። ሽማግሌው ሁለቴ የጠቀሰው ልጁ ሲመጣ ስላየ ነው ብለን ነበርና።

ከዚያ ወዲያ ባሕር መሄዱ ቀረ። ጋሼ በእግራቸው እየመጡ ይቀበሉናል፣ ቤት ያስገቡናል፣ ከዚያ ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ ተረት የለም። ምክንያቱን የሰማሁት እትዬ ዘነበች ለእናቴ ሲያወሩ ነው። የዓይን ሐኪማቸው ቀደም ሲል ዓይንዎን እየተከታተልን እናያለን ብሏቸው ኖሯል፤ ከዚያ ምሽት በኋላ የመኪናውን ቁልፍ አምጥተው እትዬ እጅ ላይ አኖሩት። «አንዱን ብልጭታ ሁለት አድርጎ የሚያሳየኝን ዓይን ይዤ የሰው ልጅ አልጭንም አለኝ» አሉ እትዬ፣ እንባቸውን እየጠረጉ። እናቴ «መብራቱ ራሱ ተለውጦ ቢሆንስ?» አለቻቸው። «ኧረ እኔም ብዬዋለሁ! እሱ ግን፣ የባሕር መብራት ሲለወጥ አስቀድሞ ለባሕረኛው ሁሉ ይነገራል፤ ሳይነገር ከተለወጠብህ ዓይንህን ጠርጥር ተብለን ነው ሥራ የጀመርነው ይለኛል።» አሁን ሳስበው፣ ማስታወቂያው እኮ የሚነገረው ለመርከበኛ ነው፤ ሆፐርስ ክሮሲንግ ለተቀመጠ ጡረተኛ ማን ይነግረዋል?

እኔ ይህን ሁሉ እየሰማሁ ነገሩን ከኛ ደስታ ጋር አላገናኘሁትም። ልጅ ነኛ! የገባኝ ጋሼ ተረቱን ሳይጨርሱ ሊተዉት መሆኑ ብቻ ነው። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስንመለስ እጃቸውን ጎተት አደረግሁና፣

«ጋሼ፣ ልጁ መጣ አይደል?» አልኳቸው።

«የቱ ልጅ?»

«የሽማግሌው ነዋ! ሁለቴ ጠቀሰው እኮ። እኔም አይቻለሁ፣ ዮናስም አይቷል።»

ጋሼ እግረኛ መንገዱ መሀል ቆሙ። «ሁለቴ? አንቺም አየሽው?»

«አዎ።»

«እስቲ ማርያምን በይ!»

«ማርያምን!»

ወደ ዮናስ ዞሩ። ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የሚመልሰው ዮናስ «ማርያምን!» አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። ጋሼ የሰው አጥር ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ሲስቁም እንባቸው ይወርድ ነበር። «ወይ ጉድ! ዓይኔን በቁሙ ቀብሬው ነበር እኮ፣ ልጆቼ!» እያሉ ሁለታችንንም እየጎተቱ ግንባራችንን ይስማሉ። በደንብ ባልገባኝ ነገር እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቅዳሜ እናቴ ነድታ ወሰደችን። ጋሼ እዚያ ዓሣ የሚያጠምድ አንድ ፈረንጅ ሲጠይቁ፣ አሮጌው አምፖል ወጥቶ ኤልኢዲ በሚሉት አዲስ ዓይነት መብራት መተካቱን፣ ብልጭታውም አብሮ መለወጡን ነገራቸው። የሰውየውን እጅ ጨብጠው አልለቅም አሉ። የዓይን ሐኪሙም እንደገና መርምሮ መንዳት ይችላሉ ሲላቸው፣ እትዬ ዘነበች ቁልፉን ራሳቸው መለሱላቸው። የሽማግሌው ልጅም በሰላም ወደብ ገባ፤ ጋሼ ድግሱን ሲያወሩልን በቆሎው አረረብን።

ያኔ ያልገባኝ አሁን ይገባኛል። ጋሼ ያን ሁሉ ሳምንት ብቻቸውን ሲፈሩ፣ አጠገባቸው ተቀምጠን ያንኑ መብራት ያየነውን እኛን ልጆቹን መጠየቅ አልመጣላቸውም። እኔም እንደሳቸው ሰው ነኝና፣ የለመድኩት ነገር ድንገት ሲለወጥብኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ራሴን ነው። ያኔ አጠገቤ ወዳለው ሰው፣ ሕፃንም ቢሆን፣ ዞር እልና «አንተም አየኸው?» ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ አይቶታል።