ለአማቴ አውራ ጣት የሚሆን ሰንጢ

እኛ ከተማ ሲቀላ ውስጥ ዕቃ መምረጥ የሚያውቅ ማን ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ እኔን ካላሏችሁ የጠየቃችሁት እንግዳ ሰው ነው። ሬዲዮ፣ ምድጃ፣ ጃንጥላ፣ የተበላሸ ሁሉ ትንሿ ሱቄ ውስጥ እጄ ላይ ይድናል። ማንም አላስተማረኝም፤ እየፈታሁ ነው የተማርኩት። ፈትቼ መግጠም ያቃተኝም አለ፣ እሱን አሁን አናነሳም።

እናም የሚስቴ አባት አውራ ጣት ሲጎዳ፣ ጉዳዩ እኔ ጋ መምጣቱ አይቀርም ነበር።

አማቴ የሚኖሩት ጨንቻ፣ ደጋው ላይ ነው። የአፕል ችግኝ ያዳቅላሉ። ከጥሩ ዛፍ የተቆረጠ ቀንበጥ በሰንጢ ይጠርቡና ከሌላ ችግኝ ግንድ ጋር አጋጥመው ያስሩታል፤ ከያዘ ዛፍ ይሆናል። ሥራውን እንደ ልጆቻቸው ነው የሚወዱት፤ ሚስቴማ "ከእኛ አብልጠው" ነው የምትለው። ታዲያ አንድ ቀን ወይፈን ሲያስሩ ገመዱ ቀኝ አውራ ጣታቸው ላይ ተጠመጠመና ወይፈኑ ጎተተው። ቁስሉ ዳነ፣ ጣቱ ግን አልታጠፍ አለ።

የድሮው ሰንጢያቸው ደግሞ በአውራ ጣት ጥፍር ካልሳቡት የማይከፈት ግትር ነው። ልንጠይቃቸው ስንሄድ በጥርሳቸው ሲከፍቱት አገኘናቸው። ለዘንድሮ የተቆረጠው ቀንበጥ በእርጥብ የእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ጥላ ውስጥ ተቀምጧል። ማቆጥቆጥ ሳይጀምር ካልተዳቀለ ያለቀለት ነው።

"ዘንድሮ ይቅር" አሉ አማቴ። "ለፍየሎቹ ስጡት።"

ለፍየል! የሚስቴ እናት ፊታቸውን አዞሩ።

"አባባ፣ ሰንጢውን ለእኔ ይተዉት" አልኩ።

"ለአንተ? የጠገንክልኝ ሬዲዮ እኮ ሲያወራ ይንቀጠቀጣል።"

"ብርዱ ነው አባባ፣ ጨንቻ ስላለ ነው።"

ሳቃቸው አመለጣቸው። ከዚያ "በአንድ ጎን ብቻ የተሳለ ይሁን፣ ሌላው ጎን ልሙጥ። እንደ ድሮው" አሉኝ።

ሲቀላ ተመልሼ ቀኝ አውራ ጣቴን ከመዳፌ ጋር በጎማ ላስቲክ ጠፍሬ አሰርኩና ወደ ስልጤው ደንበኛዬ ሱቅ ገባሁ።

"ምን ሆንክ ወንድሜ? ጣትህን በር ያዘው?"

"ዛሬ አውራ ጣት የለኝም። ያለህን ሰንጢ ሁሉ አውጣ።"

"ዛሬ ጭንቅላትም ያለህ አይመስለኝም" አለና ዘረገፈልኝ።

አንዱ ሲጫኑት ፈንጠር ብሎ ይከፈታል፤ ደስ አለኝ፣ ለመዝጋት ግን አውራ ጣት ይፈልጋል። ሌላው እጀታው ከመቅጠኑ የተነሳ በአራት ጣት ሲይዙት ይሽከረከራል። አንድ የሚያምር ቀይ ነበር፤ ባለሱቁ ራሱ ለመክፈት ሲታገል ቆየና "ይሄ እንኳ ለጌጥ ነው" አለ። በመጨረሻ ወፍራም የእንጨት እጀታ ያለው አገኘሁ። ታጥፎም የስለቱ ጀርባ ከእጀታው ብቅ ያለ ነው። በሌባ ጣትና በመሃል ጣት ቆንጥጬ ሳብኩት፣ ተከፈተ። ጀርባውን ጭኔ ላይ ተጫንኩት፣ ታጠፈ። በአንድ ጎን ብቻ የተሳለ ነው! ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ አጨበጨበ። እሺ፣ አንድ ሰው ነው ያጨበጨበው፤ እሱም ትንኝ እየገደለ ሊሆን ይችላል።

ጨንቻ ወጣሁ። አማቴ ቆንጥጠው ከፈቱት፣ ጭናቸው ላይ ዘጉት፣ እንደገና ከፈቱት። እኔ ደረቴን ነፍቼ ምርቃቴን እጠብቃለሁ። ከዚያ ሰንጢውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩት።

"አባባ፣ በግራ?"

"ቀኙ እንጨቱን ይይዛል እንጂ አይቆርጥም። አንተ ገበያ ስትዞር እኔ በባሕር ዛፍ ጭራሮ ስለማመድ ነበር።"

ለፍየል ስጡት ያሉት ሰውዬ!

ጠረቡ። ሁለቱን እንጨት አጋጥመው ወደ ሰማይ አነሱት። በመሃል ብርሃን ታየ።

"ብርሃን ካሳለፈ አይይዝም" አሉ። ደግመው ጠረቡ። አሁንም ብርሃን።

ሰንጢው በቀኝ ለሚቆርጥ የተሳለ ነበር። በግራ ሲይዙት ልሙጡ ጎን ወደ ውጭ ይዞርና የተሳለው ጎን እንጨቱን እንደ ማንኪያ ይጎደጉደዋል። እኔ ጣቴን አስሬ ያን ሁሉ ሰንጢ ስሞክር በግራ እጄ መቁረጥ ትዝ አላለኝም። እሳቸውም "እንደ ድሮው" ሲሉኝ እጅ እንደሚቀይሩ ገና አላሰቡም ነበር። ሰንጢውን አስቀመጡና ወደ እንሰት ቅጠሉ አዩ።

"መሳያ ድንጋይ የት ነው?" አልኩ።

ግቢው ውስጥ ቁጭ አልኩ። ልሙጡን ጎን አዘንብዬ ሳልኩት፣ የተሳለውን ደግሞ አስተኝቼ ልሙጥ እስኪሆን ፈገፈግኩት። ፀሐይ አዘቀዘቀች፣ እኔ እፈገፍጋለሁ። አማቴ አጠገቤ ቆመው "ስለቱን ጨርሰህ እጀታውን እንዳትሰጠኝ" ይላሉ። የሚስቴ እናት እጄ ሥራ ስለያዘ ቆጮ በዳጣ አጎረሱኝ። ዳጣው አቃጥሎ እንባዬን ሲያወርደው፣ "አያችሁ፣ ለጣቴ አለቀሰ" ብለው አማቴ ለጎረቤት ነገሩ።

እንደገና ጠረቡ፣ አጋጠሙ፣ ወደ ሰማይ አነሱ። ብርሃን የለም። ሁለት እንጨት መሆኑም አይታወቅ።

"እሰረው" አሉኝ።

"እኔ?"

"ማሰር አውራ ጣት ይፈልጋል። የአንተን ሲቀላ አልረሳኸውም አይደል?"

እሳቸው እየጠረቡ፣ እኔ በላስቲክ እየጠመጠምኩ፣ የእንሰት ቅጠሉ ባዶውን እስኪቀር ሠራን። ፍየሎቹ ቅጠሉን አገኙ።

ከዚያ በኋላ ስልክ በጮኸ ቁጥር የያዝኩትን ጥዬ እሮጥ ነበር። አንድ ጠዋት ምድጃ ፈትቼ ሳለ አማቴ ደወሉ።

"ቅጠል አወጣ።"

"የትኛው አባባ?"

"ብዙው። የደረቀም አለ፤ አንተ እንደ ሌባ የጠፈርከው።"

"ብርዱ ይሆናል አባባ።"

"ይሁንልህ። አሁን ማሰሪያው ችግኙን ሳያንቀው የሚፈታ ሰው እፈልጋለሁ። አውራ ጣትህን ይዘህ ና።"

ባለምድጃዋን ሴትዮ "እትዬ፣ ነገ ይመለሱ፤ አውራ ጣቴ ጨንቻ ተጠርቷል" አልኳቸውና ሱቄን ዘጋሁ።