በአንድ ሰው እጅ ልክ

ቨርሊን ሽጉጥ ሲገምት ባለቤቱንም አብሮ ይገምታል። በዚያች የኦሃዮ ከተማ ሠላሳ ዓመት መሣሪያ ሲነግድ አንድም ቀን አልተሳሳተም፤ እሱ እንደሚለው።

ዛሬ ሱቁ የገቡት አሮጊት የቤተ ክርስቲያን ሹራባቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። አንድ ሪቮልቨር ሽጉጥ ከምድጃ ጓንት ውስጥ በሚንቀጠቀጥ እጅ አወጡት። አፈሙዙን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ጥይት መያዣውን ከፍተው ባዶነቱን አሳዩትና ባንኮኒው ላይ አኖሩት። ቨርሊን፣ ባላቸው በደንብ አስተምረዋቸዋል ሲል አሰበ።

«ባለቤትዎ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የኢላማ ተኩስ ተወዳዳሪ ነበሩ ማለት ነው» አላቸው።

«የኔ ባል? ርችት ሲተኮስ አልጋ ሥር ነበር የሚገባው።»

ቨርሊን ለቀልዱ ፈገግ ብሎ ሥራውን ቀጠለ። «ቃታው ተሞርዶ ለስልሷል፤ ማነጣጠሪያውም ተቀይሯል። ሰው ይሄን ሁሉ ሲያሠራ ዋጋ የጨመረ ይመስለዋል። ገዢ የሚፈልገው ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ያለውን ነው። የድሮው እጀታ አለ?»

«ድሮ ተጥሏል።»

«አዩ፣ እማማ? ይሄኛው ትንንሽ ጣቶች ላሉት ለአንድ ግራኝ ተለክቶ የተጠረበ ነው። ሌላውን ሰው ይቆረቁረዋል። ያ ሰው ካልተገኘ ከሁለት መቶ ዶላር በላይ አያወጣም።»

አሮጊቷ ግራ እጃቸውን ዘረጉ። ቁርጥማት ያሳበጣቸው ጣቶች እጀታው ላይ እያንዳንዳቸው ቦታቸውን አግኝተው ገቡ። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የአጋዘን ራስ ላይ አነጣጠሩ፤ መንቀጥቀጡም ቆመ።

«ተገኘ» አሉት። «አሁንስ ስንት አልከኝ?»