ያልታረደው የተዝካር በግ

በሶማሊያው ጦርነት ጊዜ ጭሮ ላይ አውሮፕላን ሲያልፍ ሁላችንም ቀና እንል ነበር። ጎረቤቴ ግን ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ የሱቋ በር ላይ ቆማ ትቀር ነበር። በርበሬና ቅመም ነጋዴ ናት። ያላት አንድ ልጅ አየር ኃይል ነበር፤ ከድሬዳዋ ተነስተው ወደ ሶማሊያ የገቡ ዕለት እሱ ያለበት አውሮፕላን አልተመለሰም። ሞተ የሚል መርዶ አልመጣ፣ ተማረከ የሚል ወሬ አልመጣ። የሄደችበት ቢሮ ሁሉ "እናሳውቅሻለን" እያለ ሸኛት። እኔ እንዲህ ካለኝ ሰው ጋር ሁለተኛ አልገበያይም።

ዓመታት አለፉ። ዘመዶቿ ከገጠር፣ ከመሰላ መጥተው "በቃ፣ ነፍሱን አትበድዪ፤ ተዝካሩን አውጪለት" አሏት። እያለቀሰች እሺ አለች። ጠላው ተጠመቀ፣ ለቄሱም ተነገራቸው። በእኛ ከተማ የክርስቲያን ድግስ ላይ ለሙስሊሙ ጎረቤት ለብቻው ይታረዳል፤ በዚያ ሰፈር አራጁ እኔ ጫት ነጋዴው ነኝ። በጉን አምጥታ ሱቄ ጓሮ አሰረችው።

ድግሱ ሲቃረብ አንድ ከሲታ ሰውዬ በቦርደዴ በኩል መጣና፣ "ከልጅዎ ጋር ሶማሊያ ታስሬ ነበር፤ በሕይወት አለ" አላት። ዶሮ ሠራችለት፤ የልጇን አልጋ ለቀቀችለት። በሕይወት ላለ ልጅ ተዝካር ልታወጣ ነው? ወይስ የሰው ወሬ አምና የሞተ ልጇን ነፍስ ልትረሳ? ቀንም ሌትም ይህንኑ ስታብሰለስል ፊቷ ጠቆረ።

እኔ ጠላ ሲደርስ የሚደርስ እንግዳ አልወድም። ሱቄ ጠርቼ ጫት አቀረብኩለት፤ እኛ አገር ምላስ የሚፈታው በዚህ ነው።

"ልጁ ምን ዓይነት ሰው ነው?"

"ጨዋ። ዝምተኛ።"

ጨዋና ዝምተኛ ያልሆነ የጠፋ ልጅ ገጥሞኝ አያውቅም። ያ ልጅ ተማሪ ሳለ ክረምት ክረምቱን እኔ ጋ ጫት ሲያስር ምላሱ ከእጁ ይቀድም ነበር።

"ዝምተኛ?"

"እዚያ ብትገባ አንተም ዝም ትላለህ፣ ወንድሜ።"

"ቀበሌ ቀርበህ ለምን አልተመዘገብክም?"

"አምልጬ ነው ብል ማን ያምነኛል? ማን ላከህ ነው የሚሉኝ።"

ይህ እንኳ እውነት ነው። ያኔ ከዚያ የመጣ ሰው እንኳን ደህና መጣህ ከመባሉ በፊት ይጠረጠር ነበር። ይኸው እኔም ስጠረጥር ነው የዋልኩት።

ሊሄድ ሲነሳ የተረፈውን ጫት ሰብስቦ በሙዝ ቅጠል ልጥ አሰረ። ዓይኔ እጁ ላይ ቀረ። የጎረቤቴ ልጅ ግራኝ ነበር፤ ቋጠሮው ከሰው ሁሉ በተቃራኒ ይዞራል። ድሬዳዋ ያሉ ተረካቢዎች ሊፈቱት ሲታገሉ እናቱንም እኔንም ይረግሙ ነበር። ይህ ሰውዬ ቀኝ ነው፤ ቋጠሮው ግን ወደ ግራ ዞረ።

"እንዲህ ማሰር ማን አሳየህ?"

"ምኑን?" ብሎ ጎንበስ ብሎ አየው። "እሱ ነዋ፣ ልጇ። እዚያ እስር ቤት ምንጣፍ ስንሠራ።"

ሰውየው ቤቷ ሲያድር ከእናትየው ተምሮ ይሆናል ብዬ ሱቋ ገባሁና የበርበሬ ጆንያዎቿን አፍ አንድ በአንድ አየሁ። አስተሳሰሯ እንደማንኛውም ሰው ነው።

"ምን ትበረብራለህ? በጉን አረድከው እንዴ?"

"አላረድኩትም።"

"ሰውየውን ታምነዋለህ?"

"ወላሂ አላምነውም። ያሰረው ጫት ግን የልጅሽን እጅ ይመስላል።"

ትክ ብላ አየችኝ። "አንተ ጠርጣራ! አንተ እንኳ እንዲህ ካልክ..." አለችና ነጠላዋን እያጣፋች ወደ ቄሱ ገሰገሰች።

የድግሱ ዕለት የተጠራው ሰው መጣ፤ የልጁ ስም ግን ከሙታን ጋር አልተነሳም። ዘመዶቿ አኮረፉ። "ታዲያ ይሄ የምን ድግስ ይባላል?" ሲሉ "ጠላው ከመረራችሁ ውሃም አለ" አለቻቸው። እኛ ሙስሊሞቹ ምስር በላን።

ሰውየው በማግስቱ ጠዋት ሄደ። ምንም አልጠየቃትም፤ የመኪና መሳፈሪያ እንኳ። አጭበርባሪ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ አለመጠየቁን እስከ ዛሬ አልወደድኩለትም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ምርኮኞቹ ተለቀቁ ሲባል ልጇን ልትቀበል ሄደች። ብቻዋን ተመለሰች። በሩን ከፍታ በርበሬዋን አሰጣች እንጂ ስለ በጉ አላነሳችብኝም። እኔም በጉን ጓሮዬ እንደታሰረ ተውኩት። አርጅቷል፤ ጥርስ የለውም። ገበያተኛ "ይሸጣል?" ሲለኝ "ባለቤቱ ገና አልመጣም" እላለሁ፣ ከወዲያ ሱቅ እንድትሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ።