«ቱ» ማለት ያቃተኝ ወራት

መጀመሪያ የተሰማኝ መለብለብ ነው። ምላሴ ጫፍ ላይ፣ ከሥር በኩል። የመስቀል ሰሞን ስለነበር ሚጥሚጣው ነው ብዬ አለፍኩት፤ ቡታጅራ ተቀምጦ በመስቀል ምላሱን የማይለበልበው ሰው ካለ ክትፎ ያልቀረበለት ብቻ ነው። ክትፎው አለቀ፣ እንግዳው ተበተነ፣ ጥቅምት ገባ። መለብለቡ አልሄደም። በመስታወት ሳየው የምስር ክክ የሚያህል ነጭ ቁስል ሆኗል።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ግድም ነው። አዲስ አበባ በማርሽ ባንድ ውስጥ ለዓመታት ትራምፔት ነፍቼ፣ ወደ አገሬ ተመልሼ የቡታጅራን ተማሪዎች አስተምር ነበር። ትራምፔት በከንፈር ብቻ የሚነፋ የሚመስለው ብዙ ነው። ከንፈር ድምፁን ያወጣል፤ ድምፁን የምታስጀምረውና አንዱን ከሌላው የምትለየው ግን ምላስ ናት። ጫፏ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ድዱን ነካ አድርጋ «ቱ» ትላለች፣ ትንፋሹ ይለቀቃል። ለለስላሳ ዜማ «ዱ»፤ ለፈጣን «ቱ-ኩ-ቱ-ኩ»፣ አንዱን በጫፏ ሌላውን በጀርባዋ። እሷ ካልሠራች ነፊው እንደ ላም እምቧ ይላል እንጂ ማርሽ አይወጣውም። እኔ በደህናዬ ጊዜ በአንድ ትንፋሽ ከቡታጅራ ቡኢ ከተማ የሚያደርስ «ቱ-ኩ» ነበረኝ። ባለቤቴ ብርነሽ ግን «እስከ ገበያው ነው» ትላለች።

ለጃንሆይ የንግሥ በዓል ሰልፍ ስንለማመድ ከንፈር የሚገጥምበት ማውዝፒስ ላይ ደም አየሁ። ሰው እንዳያውቅብኝ ብልሃት ፈጠርኩ፤ የምላሴን ጫፍ ከላይ አውርጄ በታችኛው ጥርስ ላይ «ቱ» እላለሁ። ያመኛል፣ ግን ይነፋል። በበዓሉ ቀን ነፋሁ። ማንም አላወቀም። ቁስሉ ግን ሰፋ። ጠርዙም ጠነከረ።

ያወቀብኝ ጎረቤቴ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ከድር ነው። ሱቁ በር ላይ ያዘኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ውሸት እንኳ አላወራኸኝም። ወላሂ፣ ታመሃል!»

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ቁስል አጣቢው ድሬሰር ሐምራዊ መድኃኒት ቀባልኝ፤ ሳምንት ሙሉ ምላሴ የጳጳስ ካባ መስላ ከረመች። በሳምንቱ በጣቱ ዳሰሳት። እጁን ታጠበ።

«ይሄ ከእኔ በላይ ነው። አዲስ አበባ ሂድ።»

«ነቀርሳ ነው?»

«እኔ አላልኩም።»

አዎ ባይለኝም አይደለም አላለኝም። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደኝ ሎንቺና አውቶቡስ ቡኢ ሲቆም ሰው ሁሉ ሻይ ጠጣ። እኔ አልወረድኩም።

የአዲስ አበባው ሐኪም ወጣት ነው። ቁስሉን አየ። አንገቴን ዳሰሰ። «ሥራዎ ምንድን ነው?» አለኝ። ነገርኩት። «እስቲ አፍዎን ከፈት አድርገው፣ ያለ መሣሪያው ይንፉልኝ።»

ቱ። ቱ። ቱ።

በባትሪ ጎንበስ ብሎ አየ። «ይቺ የታች ጥርስ መቼ ተሰበረች?»

በመስቀል፣ እንግዶቼን ላስቅ ብዬ የጠርሙስ ክዳን በጥርሴ ስከፍት ነው። ለሰው ሁሉ አሥራ ሁለት ጠርሙስ ብዬ አውርቻለሁ፤ ሦስት ነበር። ለሐኪሙ ሦስት አልኩ።

«በእያንዳንዱ ‹ቱ› ቁስሉ ስለቷ ላይ ይወድቃል» አለ። ለካ ሰው እንዳያይብኝ ብዬ ምላሴን ቢላዋ ላይ ስነዳ ከርሜያለሁ። ጥርሱን ሞርዶ አለሰለሰው። «ሁለት ሳምንት አይነፉም። ካልዳነ ባዮፕሲ እንወስዳለን፤ ከቁስሉ ትንሽ ቆርጠን በማይክሮስኮፕ ይታያል።»

«ነቀርሳ ከሆነስ?»

«ከሆነ ከምላስዎ የሚቆረጥ ይኖራል። ገና አናውቅም።»

የሚቆረጠው ጫፏ ነው። ያለ ጫፏ «ቱ» የለም።

ቤት ገብቼ ትራምፔቱን ለብርነሽ ሰጠኋት፤ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። አንድ ቀን ከገበያ ስንመለስ ቆም አለችና አገጬን ያዘችኝ። «አፍህ ውስጥ ሰልፍ አለ እንዴ? ጉሮሮህ ከእግርህ ጋር ይረግጣል!» እውነቷን ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ስራመድ ምላሴም «ቱ-ኩ» እያለች አብራ ትመታለች፤ አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲያ አፌን ገርበብ አድርጌ፣ ምላሴን አስተኝቼ መሄድ ጀመርኩ። ያየኝ ሁሉ አእምሮው ተነካ ብሎ ነው ያዘነልኝ።

ሁለት ሳምንቱ አለቀ። ቁስሉ አንሷል። አልዘጋም።

አዲስ አበባ ተመልሼ ሄድኩ። ማደንዘዣ መርፌ ወጉኝ። ቆረጡ። አንድ ስፌት። ውጤቱ በአሥር ቀን።

አልበላሁም። አልቀለድኩም። በስድስተኛው ቀን ለብርነሽ «ፈርቻለሁ» አልኳት። «እኔም» አለችኝ።

በአሥረኛው ቀን ሐኪሙ ወረቀቱን አነበበ። «ነቀርሳ የለም። አልሰር ነው፤ ከጥርሱ የመጣ ቁስል።» ይድገሙልኝ አልኩ። ደገመልኝ። ሦስተኛ ስጠይቀው ወረቀቱን እጄ ላይ አስቀመጠው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀስ እያለ የመጣ ደግ ጊዜ ነው። መጀመሪያ ያለ መሣሪያ «ዱ» ብቻ፣ ቀጥሎ በማውዝፒሱ፣ ከዚያ አንዲት ድምፅ ይዤ ምላሴን ወደ ቀድሞ ቦታዋ፣ ወደ ላይኛው ጥርስ ጀርባ እያስለመድኩ፣ ተማሪዎቼ ከእኔ ቀድመው ማርሹን ሲጨርሱ እየሰማሁ፣ ፋሲካ ሲደርስ ዜማ አወጣሁ። ጫፏ ላይ ዛሬም የማይሰማኝ ቦታ አለ፤ «ቱ-ኩ»ዬም ቡኢ አይደርስም፤ ግን ይደርሳል ብል የሚከራከረኝ የለም።

ከእኔ በላይ ነው ለማለት ያላፈረውን ድሬሰር፣ ዝምታዬን የሰማውን ሐጂ ከድርን፣ አፌን ያየልኝን ሐኪም አመሰግናለሁ። እናንተ ነፊዎች፣ አፋችሁ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያለፈው ቁስል ካለ አሳዩ። ሕመሙን ለመሸሽ አነፋፋችሁን አትለውጡ። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ምላሳችሁ ቀኑን ሙሉ ምን እንደምትሠራ ንገሩት። የእኔ ዕጣ ቀላል ነበር፤ የሁሉም ቀላል አይሆንም። ደግሞ ውጤት ስትጠብቁ ብቻችሁን አትጠብቁ። እኔ ለብርነሽ በስድስተኛው ቀን ያልኳትን በጥቅምት ብላት ኖሮ፣ እጄን ይዛ ሐኪም ቤት ታደርሰኝ ነበር።